የመርሳት ሕመም ካለባቸው አረጋውያን ጋር መነጋገርን በማስመሰል ልምምድ ስለማስተማር፦ ከአቃቂ ቃሊቲ አንጻር



ዛሬ የምናገርበት ርእሰ ጉዳይ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። የመርሳት ሕመም፣ በሕክምናው አጠራር ዲሜንሺያ፣ ካለበት አረጋዊ ጋር የጤና ባለሙያ እንዴት ይነጋገር? ይህንንስ በክፍል ውስጥ በማስመሰል ልምምድ፣ ማለትም በሲሙሌሽን፣ ማስተማር ይቻላል ወይ? ጉዳዩ ውድ መሣሪያም ሆነ መድኃኒት የማይጠይቅ በመሆኑ ብዙ ጊዜ «የጠባይ ነገር ነው፤ ትሑት ሰው ያውቅበታል» ተብሎ ይታለፋል። የእኔ መከራከሪያ ግን ከዚህ ይለያል። ትሕትና አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን አይበቃም። እጅግ ትሑት የሆኑ ነርሶች ሳያውቁት ታካሚያቸውን ሲያስፈሩና ሲያስቆጡ ይታያል። ንግግር እንደ ደም ሥር መውጋት ሁሉ በልምምድ የሚገኝ፣ በእርማት የሚሻሻል ክህሎት ነው።

አሳሳቢነቱን አስቀድሜ ላስረዳ። አንዲት የሰባ አምስት ዓመት እናት በልጃቸው ተደግፈው ወደ ጤና ጣቢያ መጡ እንበል። ልጃቸው «ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ይቃዣሉ፤ ሌሊት አይተኙም» ትላለች። መርማሪው ሁለት ጥያቄ ይጠይቃቸዋል፤ መልሳቸው የተያያዘ አይደለም። «እርጅና ነው» ይልና ካርዱን ያጥፋል። ነገር ግን በሁለት ቀን ውስጥ የመጣ መቃዠት እርጅና አይደለም። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ፣ የስኳር መውረድ ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ያመጣው አጣዳፊ የአእምሮ መታወክ፣ ማለትም ዴሊሪየም፣ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ በጊዜ ካልታከመ ይገድላል። ሁለቱን የሚለየው ዋናው መሣሪያ ንግግር ነው፤ ታካሚዋን ታግሦ ማናገር፣ ልጃቸውንም «የዛሬ ሳምንት እንዴት ነበሩ?» ብሎ መጠየቅ። ሕመምን መግለጽም እንዲሁ ነው። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ሳለ «እዚህ ጋ ያመኛል» ማለት የተሳናቸው አዛውንት ሲያገላብጧቸው ይጮኻሉ፣ እጅ ይመታሉ። በካርዳቸው ላይ የሚጻፈው ግን «ታካሚው ያስቸግራል» የሚል ይሆናል። የሕመም ማስታገሻም አይታዘዝላቸውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከመርሳት ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከእነዚህም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ያሉት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በእኛ አገር የአረጋውያን ድርሻ ገና ትንሽ ቢሆንም ቁጥራቸው በሚሊዮን የሚቈጠርና እያደገ የሚሄድ ነው። ስፔሻሊስት ፍለጋ ብንሄድ መንገዱ ጠባብ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003፣ በእኛ አቈጣጠር በ1995 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ አረጋዊውን አስቀድሞ የሚያገኘው ሰው ነርስ፣ ጤና መኮንን ወይም ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያስጀመረውና አገራችንም የተቀበለችው የአእምሮ ጤና ክፍተትን የማጥበብ መርሐ ግብር የመርሳት ሕመምን አካትቷል፤ የሥልጠና መመሪያውም የሚና ጨዋታን እንደ ማስተማሪያ ይጠቀማል። መሬቱ ባዶ አይደለም ማለት ነው። የጐደለው የሚና ጨዋታው የእኛን ቋንቋና የእኛን የታካሚ ክፍል እንዲመስል ማድረጉ ነው።

አቃቂ ቃሊቲን የመረጥኩት ቅርብ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አካባቢው የፋብሪካ አገር ነው። የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ ያለፈበት፣ ጨርቃ ጨርቅና ብረታ ብረት የተመረተበት፣ ከየአቅጣጫው የመጣ ሠራተኛ የሰፈረበት ነው። በዚያ ዘመን በወጣትነት ማሽን ላይ የቆሙት ዛሬ አረጋውያን ናቸው። የመርሳት ሕመም፣ በተለይ አልዛይመር፣ የቅርቡን ትዝታ አስቀድሞ ይወስዳል፤ የወጣትነቱን ዘመን ዘግይቶ ይነካል። ስለዚህ ከጡረታ ከወጡ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው አባት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ተነሥተው «ፈረቃዬ ደረሰ» ቢሉ ሊያስደንቀን አይገባም። የአካባቢውን የሥራ ታሪክ የማያውቅ ባለሙያ ይህን ቅዠት ይለዋል፤ የሚያውቅ ግን ወደ ውይይት የሚገባበት በር ያገኝበታል። ቋንቋም አለ። በልጅነቱ አፋን ኦሮሞ ወይም ጉራግኛ ተናግሮ አማርኛን በሥራ የተማረ ሰው ሕመሙ ሲጸና ወደ መጀመሪያ ቋንቋው ሊያዘነብል ይችላል። «መናገር አቁሟል» የተባለው ሰው የሚናገርበት ቋንቋ አልተሞከረለት ይሆናል።

ስለ ስያሜው አንድ ነገር ልበል። በሰፊው የሚነገረው «ጃጀ» የሚለው ቃል ነው፤ በቃሉ ውስጥ ፍርድ አለ፤ ሰውየው ያለቀለት መሆኑን ይናገራል። «የመርሳት ሕመም» የሚለው ይሻላል፤ ሆኖም እርሱም ነገሩን ያጠብባል። ሕመሙ መርሳት ብቻ አይደለም፤ ቃል ማጣት፣ አቅጣጫ መሳት፣ ፍርድ መዛባት፣ ጠባይ መለወጥም ነው። የተሻለ ቃል እስኪገኝ በዚሁ እንቀጥል።

አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 በቲዩቢንገን ጉባኤ ላይ የታካሚውን የአውጉስተ ዲን ታሪክ ሲያቀርብ፣ ከጀርባው ከአምስት ዓመት በፊት በፍራንክፈርት ሆስፒታል አጠገቧ ተቀምጦ የያዘው ማስታወሻ ነበረ። በማስታወሻው ውስጥ ጥያቄና መልስ ተመዝግቧል፤ ስምሽ ማን ነው፣ የባልሽስ፣ ይህ የያዝሁት ምንድር ነው የሚል ዓይነት። የሕመሙ ታሪክ በአጉሊ መነጽር ከመታየቱ በፊት በንግግር ተጀምሯል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን መቶ ዓመት ያህል ንግግሩን የመርማሪ መሣሪያ እንጂ ራሱን የቻለ እንክብካቤ አድርጎ የማየት ልማድ አልነበረንም። ይህን አመለካከት አጥብቆ የተቸው በብራድፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ቶም ኪትውድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የታካሚውን ሰውነት የሚያጐድለው የአንጐል ጉዳት ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያሉት ሰዎች የሚያደርጉት ጭምር እንደሆነ አስረዳ፤ ከአቅሙ በላይ ማጣደፍ፣ እንደ ሕፃን ማናገር፣ በፊቱ እንደሌለ ሰው ስለ እርሱ ማውራት።

የመጨረሻውን ያዙልኝ፤ በአማርኛ ልዩ መልክ አለውና። በክብር ስንናገር የሁለተኛው መደብና የሦስተኛው መደብ ግስ አንድ ነው። «ይበላሉ?» ብዬ ብጠይቅ «እርስዎ ይበላሉ?» ማለቴም ሊሆን ይችላል፣ «እሳቸው ይበላሉ?» ማለቴም። የሚለየው ዓይኔ ነው። ነርሷ አባባን እያየች ከጠየቀች ጥያቄው የእሳቸው ነው፤ ወደ አስታማሚዋ ልጅ ከዞረች ግን፣ አንዲት ፊደል ሳትለወጥ፣ አባባ ከውይይቱ ወጡ። የትሕትና ቃሉ እንዳለ ሆኖ ሰውየው ተገፉ። ይህን በንግግር ማስረዳት ይቻላል፤ ሲሠራ ለማየትና ለማረም ግን ቪዲዮ ቀርጾ መልሶ ማየት ያስፈልጋል። በውጭ የተዘጋጀ ሥልጠና በቀጥታ ተተርጉሞ ይህን ሊይዝልን አይችልም።

በተቃራኒው፣ ከውጭ የሚመጣ ምክር ሁሉ ለእኛ አይሠራም። በእንግሊዝኛ የተጻፉ መመሪያዎች አረጋዊን በቁልምጫ መጥራት እንደ ሕፃን ማየት ስለሆነ ይቅር ይላሉ። እኛ ዘንድ «እማማ»፣ «አባባ» ማለት ማሳነስ አይደለም፤ ማክበርም ማቅረብም ነው። ማሳነሱ የሚመጣው ባለሙያው ድንገት ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ሲወርድ፣ ወይም ለሕፃን በሚሆን ዜማ ሲናገር ነው።

አሁን ወደ ማስመሰል ልምምዱ ልሻገር። ጤነኛን ሰው አሠልጥኖ ታካሚ አስመስሎ ለማስተማሪያ የማቅረብ ዘዴ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ጀማሪው ሃዋርድ ባሮውስ የተባለ የነርቭ ሐኪም ነው። በጊዜው ሆሊውድን ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት አመጣ ተብሎ ተቀልዶበታል። ዛሬ ዘዴው በዓለም ዙሪያ የፈተና አካል ሆኗል፤ በእኛም አገር በክህሎት ላብራቶሪዎች ይሠራበታል። ይሁን እንጂ የእኛ ላብራቶሪዎች ባመዛኙ የአሻንጉሊት ናቸው። አሻንጉሊት ደረት ለመጫን፣ ጨቅላ ለማስተንፈስ ግሩም ነው፤ እምቢ ግን አይልም።

ስለ እምቢታ የተሠራው ብርቱ ጥናት የኖቲንግሃሙ ነው። ተመራማሪዎቹ በአረጋውያን የሕክምና ክፍሎች ውስጥ በባለሙያዎችና የመርሳት ሕመም ባለባቸው ታካሚዎች መካከል የተደረጉ 41 እውነተኛ ውይይቶችን በቪዲዮ ቀርጸው ቃል በቃል መረመሩ። ሁለት ቦታዎች ላይ ችግር በርክቶ አገኙ። አንደኛው ባለሙያው ታካሚውን አንድ ነገር እንዲያደርግ ሲጠይቅ የሚገጥመው እምቢታ ሲሆን ሁለተኛው ውይይቱን የመዝጋት ችግር ነው። ከዚያ በመነሣት በአንድ ወር ልዩነት የሚሰጥ የሁለት ቀን ሥልጠና ቀረጹ፤ የሠለጠኑ ተዋንያንም ታካሚ ሆነው ገቡበት። የሥልጠናው ይዘት ከመልካም ምኞት ሳይሆን ከተቀረጸ ንግግር መውጣቱ ነው ለእኔ ዋናው ቁም ነገር።

ግኝታቸውን ወደ አማርኛ ሳመጣው እንዲህ ይሆናል። «ቢነሡ ይፈልጋሉ?» የሚል ጥያቄ ጨዋ ይመስላል፤ ነገር ግን እምቢታን በእጁ ይዞ ይመጣል። የታመመው አእምሮ ምርጫውን መዝኖ መልስ ማዘጋጀት ስለሚከብደው «አልፈልግም» ማለት ይቀልለዋል። «ይነሡ!» ደግሞ ትእዛዝ ነው፤ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ሆኖ የኖረን ሰው ያስቆጣል። በመካከል ያለው «እስቲ አብረን ቀስ ብለን እንነሣ፤ እኔ በዚህ በኩል ልያዝዎት» የሚለው ነው። «እስቲ» ትእዛዙን ያለሰልሳል፤ «እንነሣ» ሥራውን የጋራ ያደርጋል፤ «ቀስ ብለን» ሸክሙን ያቀልላል። ሦስት ቃላት ናቸው፤ ሳያስቡባቸው በአፍ እስኪመጡ ድረስ ግን መደጋገም ይጠይቃሉ።

ከባድ ጥያቄ እዚህ ይነሣል። እምቢታን የሚቀንስ አነጋገር ማስተማር ታካሚውን በዘዴ ማስገደድ አይሆንም ወይ? ሊሆን ይችላል። ቁስል ለማጠብ፣ ውሃ ለማጠጣት፣ አልጋ ለመቀየር ስንነጋገር አነጋገሩ አክብሮት ነው፤ ለቀዶ ሕክምና ፈቃድ ለመውሰድ ከተጠቀምንበት ግን ማታለል ነው። ልዩነቱን ለተማሪ ሳይነግሩ ዘዴውን ብቻ ማስተማር አደጋ አለው ብዬ አምናለሁ።

የእኛን እምቢታ የሚያወሳስበው ሌላም ነገር አለ። ሲጋበዙ በመጀመሪያው ጥሪ አለመቀበል ጨዋነት ነው። «ይብሉ እንጂ» ሲባል «ጠግቤአለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ማለት፣ ጋባዡም «በሞቴ» ብሎ መድገም፣ ሁላችንም ያደግንበት ነው። የመርሳት ሕመም እንዲህ ያሉትን በዘመን ብዛት የጠነከሩ የወግ ቃላት ዘግይቶ ይነካል። ስለዚህ ምሳ ያቀረበችው ነርስ «ይበላሉ?» ብላ «ጠግቤአለሁ» ስትባል ሳህኑን አንሥታ «ምግብ አልፈለጉም» ብላ ትመዘግባለች። አባባ ግን እምቢ አላሉም፤ ሁለተኛውን ግብዣ እየጠበቁ ነበር።

ሰላምታም እንዲሁ ያታልላል። «እንደምን አደሩ?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ ደኅና ነህ? ቤተሰብ ደኅና?» ብለው ያማረ መልስ ይሰጣሉ። ወጣቱ ሐኪም «አእምሯቸው ንጹሕ ነው» ይላል። ከሰላምታው ወዲያ አንድ እርምጃ ቢሄድ ምን ሊያይ እንደሚችል አያውቅም። ነገር ግን ሰላምታው መሸፈኛ ብቻ ሳይሆን ሀብትም ነው። አረጋዊው በሙሉ ብቃት የሚሳተፉበት ቦታ ስለሆነ ከዚያ ሳይጣደፉ መጀመር ፍርሃታቸውን ያስወግዳል። ቀን ስንጠይቅም ጥንቃቄ ያሻል። «ዛሬ ስንት ቀን ነው?» ተብለው «ሚካኤል አይደለም እንዴ?» ያሉ እናት፣ ዕለቱ አሥራ ሁለት ከሆነ፣ በትክክል መልሰዋል። ሰዓት አስሎ የሚጠይቅ ፈተናም ፊደል ላልቈጠረ ሰው አይሆንም፤ በታንዛኒያና በናይጄሪያ ለአፍሪካውያን አረጋውያን በተዘጋጀው መመዘኛ ውስጥ የክብሪት እንጨት ደርድሮ ቅርጽ መሥራት የገባው ይህን በመገንዘብ ነው።

እንግዲህ ለልምምዱ ያዘጋጀሁትን ትዕይንት ላቅርብ። ክፍሉ የጤና ጣቢያ የቁስል ማጠቢያ ነው። አባባ የጡረታ ሸማኔ ማሽን ሠራተኛ ናቸው፤ ስኳር አለባቸው፣ እግራቸው ቈስሏል። ልጃቸው አብራ አለች፤ ደክማለች፣ ተሳቅቃለችም። ተማሪዋ ቁስሉን አጥባ መጠቅለል አለባት። አባባ ግን «ፈረቃዬ አለፈኝ» እያሉ ይነሣሉ። ሦስት ሰው ያስገባሁት ሆን ብዬ ነው። የኖቲንግሃሙ ጥናት በባለሙያና በታካሚ መካከል ያለውን ያያል፤ በእኛ አገር ግን አስታማሚ የሌለበት አልጋ ብርቅ ነው። አስታማሚዋ ለአባቷ ትመልሳለች፣ ታርማቸዋለች፣ «አባዬ፣ ፋብሪካው ከተዋችሁ ስንት ዘመኑ!» ትላለች። ተማሪዋ ሁለቱንም ማናገር፣ አንዷንም ሳታሳፍር ሌላውን መመለስ ይኖርባታል።

ተማሪዎች በተለምዶ ሦስት መንገድ ይመርጣሉ። የመጀመሪያው ማረም ነው፤ «አባባ፣ እርስዎ እኮ ጡረታ ወጥተዋል»። ይህ እውነት ነው፤ ለሰውየው ግን በየጊዜው እንደ አዲስ የሚሰማ መርዶ ነው። ሁለተኛው መዋሸት ነው፤ «ፋብሪካው ዛሬ ዝግ ነው»። አንዳንድ ጊዜ ይሠራል፤ አስታማሚዋ ፊት ግን እምነት ያጐድላል፤ እኔም ለመጀመሪያ ምርጫነት አላስተምረውም። ሦስተኛው ዝም ብሎ እግሩን መያዝ ነው፤ የሚያበቃው በግፊያ ነው። የምንለማመደው ከሦስቱ የተለየ ነው። ከቃሉ በስተጀርባ ያለውን ስሜት መመለስ፦ «ሥራ ማርፈድ አይወዱም ማለት ነው። የትኛው ክፍል ነበሩ?»። ሲናገሩ መስማት፣ ከዚያ «በዚህ እግር መቆም ይከብዳል፤ እስቲ አብረን እንየው»። ትዕይንቱ ሲሰናከል አሠልጣኙ ያቆመዋል፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላ ተማሪ ከዚያው ይቀጥላል። ከማንኛውም ንግግር ይልቅ የሚያስተምረው ይህ «ካቆምንበት እንደገና» የሚለው ነው።

ለመዝጊያው መፍትሔ ከባህላችን አገኛለሁ። «ሌላ የሚሉት አለ?» ብሎ መጠየቅ ለታካሚው ግራ የሚያጋባ ክፍት ጥያቄ ነው፤ ውይይቱም አይዘጋም። «አባባ፣ ጨርሰናል፤ ይመርቁኝ» ብትል ግን ሰውየው የሚያውቁትን፣ ከእርሷ የሚበልጡበትን ሥራ ሰጠቻቸው። ይመርቃሉ፤ እርሷም «አሜን» ትላለች። ሁሉም ሰው ውይይቱ እንዳበቃ ያውቃል።

አባባን ማን ይጫወት? ተማሪ ለተማሪ ሲጫወት መንቀጥቀጥና ማጉረምረም ይበዛል፤ ክፍሉ ይሥቃል፤ የምንነቅለውን ንቀት እንተክላለን። የእኔ ሐሳብ በአካባቢው እድሮች በኩል ጡረተኞችን መፈለግ ነው። በቀበሌና በመሥሪያ ቤት የኪነት ቡድኖች ዘመን መድረክ ላይ የወጡ ሰዎች ዛሬም አሉ። የሚሠለጥኑት መርሳትን ለማሳየት ሳይሆን አንድ ነገር አጥብቀው እንዲፈልጉ ነው፤ ፈረቃቸው እንዳያልፍ። ቋሚ ደንብም ይሰጣቸዋል፤ ሳይነገራቸው ከተነኩ እጅ ይሰበስባሉ፤ ሁለት ጥያቄ በአንድ ጊዜ ከመጣ በወግ ቃል ብቻ ይመልሳሉ፤ ዓይናቸውን አይተው በስማቸው ከጠሯቸው ይረጋጋሉ። በዚህም እያንዳንዱ ተማሪ የሚገጥመው ተመሳሳይ ይሆናል። ክፍያቸው ደግሞ ሊታሰብበት ይገባል፤ «ለበጎ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም።

በሌላው ዓለም የሚታወቅ ሌላ ዓይነት ማስመሰልም አለ፤ ለተማሪው የሚያደበዝዝ መነጽርና የሚያሳክክ ጓንት አልብሶ፣ በጆሮው ጫጫታ አስገብቶ «ሕመሙን ቅመሰው» የሚል። ስሜት ይቀሰቅሳል፤ ተማሪዎች አልቅሰው ይወጣሉ። እኔ ግን ገንዘብ ቢኖረን እንኳ አልመርጠውም። ለአሥር ደቂቃ ድንገት የታወረ ሰው የሚማረው ድንጋጤን ነው እንጂ ከሕመሙ ጋር ለዓመታት የሚኖረውን ሰው አቅም አይደለም፤ ማዘንን እንጂ ማነጋገርን አያስተምርም።

በጤና ጣቢያ ያላችሁ ባልደረቦች «ሰልፉን አይተሃል ወይ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴ፣ የተቋረጠ የቁስል እጥበት ከተረጋጋ እጥበት የበለጠ ጊዜ ይወስዳል የሚል ነው፤ ይህን ግን በእምነት ሳይሆን በሰዓት መለካት አለብን። ስለዚህ ሥልጠናው ሲገመገም ተማሪው «በራሴ እተማመናለሁ» ብሎ የሞላው ቅጽ አይበቃኝም። ከሥልጠናው በፊትና በኋላ በተቀረጸ ትዕይንት ላይ፣ ማን እንደተቀረጸ የማያውቅ ገምጋሚ ሦስት ነገር እንዲቈጥር እፈልጋለሁ፤ ባለሙያው ስንት ጊዜ ታካሚውን እያየ ጠየቀ፣ ከእምቢታ በኋላ ምን አለ፣ ቁስሉ ታጥቦ እስኪጠቀለል ስንት ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ ወር ቆይቶ በእውነተኛው ክፍል ውስጥ እንደገና። ፈቃድ የመውሰዱ ጉዳይ በተለይ ጥንቃቄ ይሻል፤ መወያየትም የምፈልገው በእርሱ ላይ ነውና አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።